ከጨው ወደ ማር የሚሄደው ቀስት

ቴፒ፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ለልጄ ለሮዳስ በላይነህ፤

ሮዲዬ፣ የአባትሽ የእጅ ጽሕፈት ዛሬ ከወትሮው የባሰ ከሆነ ይቅር በይኝ። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ማቅናት ሲያቅተው ማየት ያሳፍራል። ብርድ ነው እንዳልል ቴፒ አይበርድም። ፈርቼ ነው።

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «እማዬስ?» ስትዪኝ «ቤተ ክርስቲያን ነች፣ ፕሮግራሙ ረዝሞባት ነው» አልኩሽ። ማክሰኞ ደግሞ «ስልኳ ውኃ ገብቶበት ጥገና ሰጥታዋለች» አልኩሽ። ሁለቱም ውሸት ነው። እናትሽ ቤት የለችም። ሰኞ ግንቦት 4 ቀን ጠዋት ከሚዛን ተነሥታ ወደ ጌጫ በሚያቋርጠው የጫካ መንገድ ገባች። መንገዱ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ይኸው ዛሬ አሥር ቀኗ። ጌጫ አልደረሰችም፣ ሚዛንም አልተመለሰችም።

ጻፍኩት እንግዲህ። ጠዋት ጀምሬ ይህችን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ብታይ ትስቂብኝ ነበር። አሁን ቁጭ በይና ቀስ ብለሽ አንብቢ። እንደ እናትሽ ከመጨረሻው አትጀምሪ፤ እሷ ደብዳቤ ስትይዝ መጀመሪያ «ሰላም ነን» የሚለውን ፈልጋ ካላገኘች ሌላውን አታነብም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንቺ ጽሑፍ ነው። ጥፋቱ ግን የአንቺ አይደለም። ይህን ከወዲሁ የምነግርሽ ስለማውቅሽ ነው፤ ልጅ ሆነሽ ድመቷ ብትታመም እንኳ ጥፋቱን ወደ ራስሽ ነበር የምትወስጂው።

አምና ነሐሴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ረቂቅ ስትልኪልኝ ሬድዋን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አሳትሞ አመጣልኝ። ባለ ባጃጁ ጎረቤታችንን ሬድዋንን መቼም አትረሺውም፣ ትምህርት ቤት እያደረሰ ያሳደገሽ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሮዳስ ናት የጻፈችው?» ብሎ ክፍያውን አልቀበልም አለኝ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቶፖሎጂውን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ቀምሼዋለሁ፤ ካተጎሪ ቲዎሪ የሚባለውን ግን እኛ በተማርንበት ዘመን ስሙንም የነገረን አልነበረም። ፕሮባቢሊቲውን፣ የዕድሉን ስሌት፣ ለሌላ ጊዜ ብዬ ዘለልኩት። አርቢትራጅ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ግራ ገብቶኝ ደወልኩልሽ። አንቺ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ ገበያ አስበው። ከቴፒ፣ ከሚዛንና ከጌጫ ሌላ ምንም አታስብ።»

ከዚያ ያልሽውን ቃል በቃል ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም ፊቴ አለ። ሦስት ነጥብ አስቀምጥ አልሽኝ፦ ቴፒ ላይ ኮረሪማ፣ ሚዛን ላይ ጨው፣ ጌጫ ላይ ማር። ከኮረሪማ ወደ ጨው አንድ ቀስት፣ ከጨው ወደ ማር አንድ ቀስት፣ ከማር ተመልሶ ወደ ኮረሪማ አንድ ቀስት። እያንዳንዱ ቀስት አንዱ በሌላው የሚለወጥበት ዋጋ ነው። ቀስቶቹን አንድ በአንድ ተከትለህ ዞረህ ስትመለስ የያዝከው ይዘህ የወጣኸውን ያህል ከሆነ ሦስት ማዕዘኑ ተስማምቷል፣ መሐሉ ሙሉ ነው፣ ትርፍ የለም። በልጦ ከተገኘ ግን መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ትርፉም የሚገኘው በዚያ ቀዳዳ ዙሪያ በመዞር ነው። ልጄ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ሲሉኝ መልስ ላጣሁላቸው ተማሪዎች ሁሉ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ ለእናትሽ ሥዕሉን አሳየኋት። አየችውና «ይህን ለማወቅ ነው ልጄ ጀርመን ድረስ የሄደችው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሃያ ዓመት ኮረሪማ የሸጠች ሴት ናትና ለእሷ ምኑ አዲስ ይሆናል? ከዚያ ግን ቆጮዋን እንደያዘች ጣቷን ከነጥብ ወደ ነጥብ ታንቀሳቅስ ጀመር። ጨው በመኪና ዞሮ ጌጫ ሲደርስ የጭነቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል፤ ይህን ሁሉም ነጋዴ ያውቃል። ከሚዛን ወደ ጌጫ የሚያቋርጠው የጫካ መንገድ ላይ ግን መኪና የማይደርስላቸው ቀፎ ሰቃዮች አሉ፤ ዘመዶቿ ናቸው። ጨው ይዞ የደረሰላቸውን ሰው ማር ያሸክሙታል። አስልታ አስልታ በመጨረሻ «በአንድ ጆንያ ኮረሪማ ወጥቼ በጆንያ ተኩል እመለሳለሁ» አለችኝ። እኔም በእርሳስ አረጋገጥኩላት። ልክ ነበረች።

ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን እስክሞት አልረሳውም። «ታዲያ ለምንድነው ሌላ ሰው የማይሄድበት? አገሩ ሁሉ ሞኝ ሆኖ እኛ ብቻ ብልጥ ሆነን ነው?»

«ሒሳብ ስላልተማሩ ነው» አልኳት።

አየሽ አባትሽን? ደረቴን ነፍቼ ነው እንዲህ ያልኩት።

ኅዳር ላይ ሄደች። የአክስቷ ልጅ ማቴዎስ ሁለት በቅሎዎቹን ይዞ አብሯት ሄደ፤ ያ ዝምተኛው፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቀው። በስድስተኛው ቀን ጌጫ ወጥታ፣ ማሩን በመኪና አስጭና ቤት ገባች፤ ማሩ በኮረሪማ ሲመነዘር ጆንያ ተኩል፣ ልክ እንዳለችው። ጥር ላይ ደገመች። መጋቢት ላይ ሠለሰች፤ ያን ጊዜማ ወደ ሁለት ጆንያ ተጠጋ። አቅፌ አዞርኳት። መምህራን ክፍል ገብቼ «የልጄ ቲዎሪ ቴፒ ላይ ይሠራል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳየኋቸው፤ ማቲማቲክስ ዲፓርትመንት በሙሉ አጨበጨበልኝ። ትርፉ ለምን እንደሆነ እሷ ራሷ ትንገርሽ፣ ምስጢሯ ነው። ከመስከረም በፊት ሊሞላላት ትቸኩል ነበር፤ አንቺ «የአውሮፕላን ዋጋ ጣሪያ ነክቷል፣ ዘንድሮም አልመጣም» ካልሽ ጀምሮ የምታወራው ስለ መስከረም ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ገጽ አርባ አንድ ልምጣ። እየሸሸሁት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ሲዘጋ፣ ጽሑፍሽን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የዘለልኩትን የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ በእርሳስ እየሠራሁ ሄድኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ ትያለሽ፦ ዋጋ ብቻውን አይቆምም፣ በውስጡ ሰዎች የገመቱት ዕድል አለ። ትርፍ የሚሰጥ ዙር ሁሉም እያየው ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ከቆየ ትርፉ ነጻ አይደለም። ከቀስቶቹ በአንዱ ላይ ያልተጻፈ ዕድል አለ። ያ ቀስት አንዳንዴ ሳይደርስ ይቀራል፣ ትርፍ የመሰለውም ሳይደርስ የመቅረቱ ዋጋ ነው።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሬድዋን የካቲት ላይ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ከሚዛን ጨው ጭነው ጫካ የገቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ የወጣችው ግን አንዲት በቅሎ ብቻ ናት፣ ጭነቷም የለም። ያን ጊዜ «ወሬ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። የመጋቢቱ ትርፍ ለምን እንደጨመረ ያኔ ገባኝ። ከየካቲት ወዲህ ጨው ይዞ የሚገባ ሰው ስለጠፋ ነው ቀፎ ሰቃዮቹ ለአንድ ጣሳ ጨው ያን ሁሉ ማር የሰጧት። እኛ ትርፉ ጨመረ ብለን ተደሰትን። የጨመረው ፍርሃቱ ነበር። አገሩ ሁሉ ሒሳቡን ከእኔ በፊት ጨርሶት ነበር፤ መልሱን በዋጋው ላይ ጽፎ አስቀምጦልኝ ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ጫካው?» ብዬ ጻፍኩ። እዚያው ነው ያለው፤ አንድ ቀን ታዪዋለሽ።

ሮዳስ፣ አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ሚያዝያ 30፣ እናትሽ ለአራተኛው ጉዞ የኮረሪማውን ጆንያ እየሰፋች ሳለ ቀና ብላ አየችኝና «በላይነህ፣ ያቺ ወረቀት አሁንም እንደዚያው ነው የምትለው?» አለችኝ። ክረምቱ ቀድሞ መግባቱ አሳስቧት ነበር። ገጽ አርባ አንድ ብብቴ ሥር ነበረ። እውነቴን ነው፣ ጽሑፍሽን እንደያዝኩ ነበር የቆምኩት።

«ሒሳብ አይለወጥም» አልኳት።

ሳቀች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ በማግስቱ ሄደች።

ለምን አልነገርኳትም? እኔንም እየበላኝ ያለው እሱ ነው። መምህራን ክፍል የሣልኩትን ሥዕል ማጥፋት ከበደኝ መሰለኝ። «ኅዳር ላይ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት ለሠላሳ ዓመት መምህር እንዴት ይከብዳል መሰለሽ! ደግሞ መስከረምም አለ። እኔም እንደ እሷ ቸኩያለሁ። አራት ዓመት ሆነሽ እኮ።

የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ። ሚዛን የምታርፈው ሳራ ቤት ነው፣ የሳሙና ነጋዴዋ። ሳራ እንዳለችኝ እሑድ አብረው ጸሎት ሄዱ፣ ሰኞ ማለዳ ጨውና ሳሙና ጭነው ከማቴዎስ ጋር ወጡ። «አትሂጂ፣ ወንዙ ሞልቷል ብያት ነበር» ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰችብኝ። ጌጫ ያለችው ማርያም፣ ማሩን የምታስጭንላት፣ በየቀኑ ትደውልልኛለች። ስልኩ ሲጮህ እሮጣለሁ፤ ስሟን ሳይ ደግሞ ማንሳት ያቅተኛል። «ጋሼ በላይነህ፣ እስካሁን የለችም» ብላ ትዘጋዋለች። ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ። ፎቶዋን ተቀብለውኛል፣ ሰውም እናሰማራለን ብለውኛል፤ ዝናቡ ቀለል እስኪል ብዙ መግባት እንደማይቻል ግን አልደበቁኝም። የእሷም የማቴዎስም ስልክ «ማግኘት አይቻልም» ነው የሚለው። ጫካው ውስጥ ድሮም ኔትወርክ የለም፤ ይህ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ለራሴ ይህን በቀን መቶ ጊዜ እላለሁ።

ወንዙ ሞልቶ ወዲያ ማዶ ከዘመዶቿ ቤት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው። እሳት ዳር ቁጭ ብላ፣ ማር በቆጮ እየበላች፣ «ያ የሰሌዳ ጀግና አሁን እንዴት ፈርቶ ይሆን» እያለች ስትስቅብኝ። ሌላውን እንዳላስብ እጥራለሁ፣ ግን አስባለሁ። ከጌጫ የሚመጣ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እሄዳለሁ። ረዳቱ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል፤ እኔ እስክጠጋ አይጠብቅም። ትናንት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትወርድ የእናትሽን የመሰለ ሻርፕ አይቼ «ዓለምሸት!» ብዬ ጮኽኩ። መናኸሪያው በሙሉ ዞረ። ሴትየዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

የሰሌዳ ጀግና የምትለኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጫካ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቷን ለመጠየቅ ነው። ሁለት ሰዓት እንደሄድን አልቅት እግሬ ላይ አይቼ ወደቅኩ። እሷ ናት ጠርጋ፣ ደግፋ ያወጣችኝ። ይህን ታሪክ ያልሰማ የቴፒ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሠርግ ላይ ሳይቀር ትናገረዋለች። አሁንም ያው ነኝ። ጉሬዛ ሲጮህ እንኳ ከቤቴ ሆኜ እደነግጣለሁ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ቆይ፣ አትጩሂ። አስቤበታለሁ፣ የፈራ ሰው ብዙ ያስባል። እሷ የሄደችው ከቴፒ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን በጫካው ወደ ጌጫ ነው። እኔ ዙሩን ገልብጬ እሄዳለሁ። ነገ በሚኒባስ ጌጫ እገባለሁ፤ ማርያም መንገዱን የሚያውቅ ሰው አግኝታልኛለች፣ ጴጥሮስ ይባላል፣ የማቴዎስ ወንድም ነው። እሱም ወንድሙን ይፈልጋል። ቅዳሜ ማለዳ ጫካ ገብተን፣ ቀፎ ሰቃዮቹን ቤት ለቤት እየጠየቅን ወደ ሚዛን እንወርዳለን። በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከሄዱ ሳይገናኙ ሊተላለፉ አይችሉም፤ ይህን ለማረጋገጥ ያንቺ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ዘጠነኛ ክፍሎቼም ያውቁታል። እሷ እየሄደች ከሆነ እንገናኛለን። ቆማ ከሆነም እደርስባታለሁ። እንዴትም ሆና ቢሆን እደርስባታለሁ።

በጽሑፍሽ ላይ ዙሩን ገልብጦ የዞረ ሰው በፊት ያተረፈውን ያህል ይከስራል ትያለሽ። ልክ ነሽ። ልክሰረው። የኅዳሩንም፣ የጥሩንም፣ የመጋቢቱንም ይውሰዱት። እዚያው ገጽ ሃያ ላይ ደግሞ አንድ ቀስት አለ፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እዚያው ነጥብ ላይ የሚመለስ፣ ምንም የማይጨምር፣ ምንም የማይቀንስ። መጀመሪያ ሳነበው «ምንም የማይሠራ ቀስት ምን ያደርጋል? ይህንንስ ለምን ጻፈችው?» ብዬ ስቄበት ነበር። ልጄ፣ አሁን ከሒሳብ ሁሉ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው። ከቤት ወጥታ ቤት የገባች እናትሽን፣ እንደወጣች፣ ሳይጨመርላት ሳይቀነስባት።

ይህን ደብዳቤ ለሬድዋን እሰጠዋለሁ። እስከ ሰኞ ማታ እንዲይዘው ነግሬዋለሁ። እኔ ወይም እናትሽ ከዚያ በፊት ከደወልንለት ሳያሳይሽ ያቃጥለዋል፣ እኔም አንድ ቀን በዓል ሲሆን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ፣ እሷም የአልቅቱ ታሪክ ላይ ጨምራ ትስቅብኛለች። ካልደወልን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ሬድዋን ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ይህን ስነግረው ግን ፊቱን አዙሮ ነበር።

አትምጪ። በዚህ ዝናብ አትምጪ፣ ይህ የአባት ትእዛዝ ነው። ወደ ጫካውም ማንንም አትላኪ። ትምህርትሽን ጨርሺ። ገጽ አርባ አንድንም እንዳትሰርዢው። እውነት ነው፣ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ አለመጻፉ ብቻ ነው፤ በትልቁ ጻፊው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ዘልሎት እንዳይሄድ።

እናትሽ በአምላኳ ፊት በየማለዳው ስምሽን ትጠራ ነበር፤ እኔም ቅዳሴ ላይ አልረሳሽም። በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይቁምልሽ። የምትረግጪው መሬት አይክዳሽ። ብርዱ አይግባሽ፣ ብቸኝነቱ አይልመድሽ። ልጅ ወልደሽ እንደ አንቺ የሚጠይቅ ይሁንልሽ፣ አንቺም እንደ እኔ ሳይሆን እውነቱን የምትመልሺለት ሁኚ።

አባትሽ
በላይነህ

ይህን ጨርሼ ካጠፍኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። አልጋሽ ታድሷል፣ እናትሽ ሚያዝያ ላይ አናጢ አስመጥታ ነው። አዲሱ አንሶላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የቤቱ ቁልፍ ሬድዋን ጋ ነው።